ሰባት ቤትና አንድ የራጅ ፊልም

ውቢትን ካለፈው እትም ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ የራጅ ክፍሉ በር ላይ አቁመናት ከረምን። ይቅር ትበለን። እጇ አሁንም የበሩን መያዣ እንደጨበጠ ነው፤ ዓይኗም ከኮሪደሩ ጫፍ በሚመጣው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንደተተከለ ነው። ወንበሩን የሚገፋው ይሄይስ ነው። ወንበሩ ላይ ጎብጠው የተቀመጡት ደግሞ እናቱ እማማ የሻሽወርቅ ናቸው። አዎ፣ «ሰባት ቤቷ ያልተቆጠረ ልጅ ከቤቴ አትገባም» ያሉት እማማ የሻሽወርቅ፣ እሳቸው ራሳቸው።

ታሪኩን ከመሀል ለያዘ አንባቢ ባጭሩ እናውራው። ውቢት እስራኤል አገር ቂርያት ማላኺ የምትኖር፣ ያቭኔ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ራጅ የምታነሳ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ደረቷ ላይ ያለው ባጅ «ያፋ» ይላል። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለች ያወጡላት የዕብራይስጥ ስም ነው፤ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ይሄይስ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በወታደር ልብሱ መጥቶ የተሰበረ እጁን ሲዘረጋላት የመጀመሪያ ቃሏ «አትንቀሳቀስ» ነበር። እሱም «ታዲያ ከዚያን ቀን ወዲህ መቼ ተንቀሳቀስኩ?» እያለ ያሾፍባት ነበር።

ከዚያ እናቱ ከሱዳን መጡ። ልጃቸውን ከአራት ዓመት በኋላ አግኝተው ያፈሰሱት እንባ ሳይደርቅ «የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ። እንግዲህ በእኛ ወግ ከመታጨት በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባተኛው ትውልድ በሥጋ የሚገናኙ አይጋቡም። የሚቆጥረው ወላጅ ነው፣ ሽማግሌ ነው። ውቢት ሁለቱም የሏትም። አባቷ በመንገድ፣ እናቷ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሞተውባት በአሥራ አምስት ዓመቷ ብቻዋን ነው የመጣችው። ብትቆጥር፣ ብትቆጥር አራተኛው ቤት ላይ ትቆማለች። የቄስ ሚስት የነበሩት እማማ የሻሽወርቅ ደግሞ በግምት አይድሩም።

ውቢት በእናትና በልጅ መካከል መግባት አልሆነላትም። «እናትህ እስኪመርቁን ድረስ አትምጣ» አለችው። እሱ የምርቃቱን ነገር ረስቶ «አትምጣ» የሚለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ወንዶች እንዲህ ናቸው። ይኸው ስምንት ወር ሆናቸው።

አሁን ወንበሩ ፊቷ ቆመ። ይሄይስ ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን ወደ እናቱ ትከሻ መለሰ። ከስቷል። ቤኤር ቱቪያ ያለው ፋብሪካ የሰጠውን ሰማያዊ ቱታ እንኳ አላወለቀም። ውቢት የራጅ ማዘዣ ወረቀቱን ተቀበለችው።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ሌላውን ሁሉ አስረሳት። እማማ የሻሽወርቅ ገዴራ ከሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ከወደቁ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቀኝ ዳሌያቸውን ያማቸዋል፤ እያነከሱ ይራመዳሉ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ጊዜ ራጅ ተነስተው ሁለቱም ደብዝዟል። ከታች በዕብራይስጥ «ታካሚዋ አትተባበርም» ይላል።

የክፍሉ ኃላፊ መናሼ ከባግዳድ የመጣ፣ ጢማም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አጥንት ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ወረቀቱን ከትከሻዋ በላይ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ጊዜ ሞክሪ። ካልሆነ ‹አልተቻለም› ብለሽ ጻፊና ያላ፣ ይሂዱ ወደ ቤታቸው። ሐኪሙም የአገር ናፍቆት ነው፣ ይራመዱ ብሏል።»

ይራመዱ! የዳሌ ስብራት ቢሆንስ? አንዳንዱ ስብራት ሁለቱ አጥንት እርስ በርሱ ተነክሶ ይቆይና ሰውን ለጥቂት ሳምንት ያራምዳል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ እርምጃ ላይ ይንሸራተታል፤ ያ ሰው ዳግመኛ ላይቆም ይችላል። ውቢት ይህን ታውቃለች። እኚህ ሴት አንካሳ ሆነው ቢቀሩ ይሄይስ እንዴት እንደሚሆንም ታውቃለች፤ ፈራች።

እማማ የሻሽወርቅ ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ፊቷን አተኩረው አዩ።

«አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ሌላ ሰው ከፈለጉ አለቃዬን እጠራለሁ።»

እማማ በበሩ በኩል የመናሼን ጢም አዩት። «ተይው። ለወንድ ከመገለጥ ያንችው ይሻለኛል።»

ጀርባቸው የጎበጠ ስለሆነ በጠፍጣፋው አልጋ ላይ መተኛት ለሳቸው ስቃይ ነው። ውቢት ጀርባቸውን ለማቅናት አልታገለችም፤ ትራስ በትራስ ላይ ደርድራ ጉብጠቱን በልኩ ደገፈችላቸው፤ በነጠላቸው ሸፈነቻቸው፤ ጨረሩ የሚወጣበትን የማሽኑን ቱቦ ወደ እሳቸው አዘነበለች። እማማ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ቻሉ። ከዚያ ውቢት የማሽኑ መቆጣጠሪያ ወዳለበት፣ ጨረር የሚያግድ የእርሳስ መስታወት ወዳለው መከለያ ለመግባት ዞር አለች።

እማማ የሻሽወርቅ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ብድግ አሉ።

«አትሂጅ! ወዴት ነው የምትሄጅ?»

«አየሽ?» አለ መናሼ ከበሩ። «እዚያም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ሦስተኛ ፊልም አናበላሽም።»

ውቢት መለስ አለችና አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ማንም ያልጠየቃቸውን ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ምንድን ነው የሚያስፈራዎ?»

እማማ የሻሽወርቅ የአልጋውን ጠርዝ ለቀቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው የዚያች ቁጡ ሴት ድምፅ አልነበረም።

«ሱዳን ሳለን ሰው ሲጠናበት ነጯ ድንኳን ያስገቡታል። ባለቤቴን አስገቡት። ‹ውጡ› አሉን፤ ወጣን። ከዚያ ወዲህ ያየሁት ተገንዞ ነው። እዚህም ያጋድሙኝና ሁሉም በሩን ዘግተው ይወጣሉ። ሰው በደህናው የታመመ ሰው ብቻውን ጥሎ ይወጣል? ተስፋ ካልቆረጠበት በቀር?»

ውቢት የእማማን ደረቅ እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ለይሄይስ እንኳ ነግራው የማታውቀውን ነገር ሳታስበው ተናገረች።

«እናቴም የቀረችው እዚያች ድንኳን ውስጥ ነው። ‹ውጪ› አሉኝ፤ ወጣሁ። ስመለስ አልደረስኩባትም። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው እዚህ አስተኝቼ በወጣሁ ቁጥር ሮጬ ነው የምመለሰው። እዚህ ያሉት ሰዎች ስሮጥ እያዩ ይስቁብኛል።»

እማማ የሻሽወርቅ እጇን ጠበቅ አደረጉ።

«ከዚህ የምንወጣው ተስፋ ቆርጠንብዎት አይደለም» አለች ውቢት። «ይሄ ጨረር እርስዎን የሚያገኝዎ አንዴ ነው፤ እኔን ግን በቀን አርባ ጊዜ ሊያገኘኝ ነው። ስለዚህ እከለላለሁ። ግን ከመስታወቱ በስተኋላ ነኝ፤ ያዩኛል። ብቻዎንም አይሆኑም። ይሄይስ ይግባ።»

ስሙን በአፏ ከጠራችው ስምንት ወሯ ነበር። ይሄይስ ከኮሪደሩ ሲገባ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር።

ከግድግዳው ላይ ጨረር የሚከላከለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ አውርዳ አለበሰችው። ማሰሪያው ከኋላ ስለሆነ ራሷ ልታስርለት ግድ ሆነ። ጣቷ ወገቡን ሲነካ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ያውም ማንም ትንፋሽ ያዙ ሳይላቸው።

«ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቃል እንኳ...» አለ በሹክሹክታ።

«አሁን አይደለም። እናትህን ያዝ።»

እናቱ ራስጌ ቆሞ እጃቸውን ያዘ። የመጀመሪያው ፊልም ከፊት ለፊት ተነሳ። ዋናው ግን የጎኑ ነበር። ለጎኑ ብዙውን ጊዜ ታማሚው እግሩን አጥፎ ወደ ውጭ እንዲከፍት ይደረጋል፤ ያንን በእማማ ዳሌ ላይ መሞከር ደግሞ ተነክሶ የቆመውን አጥንት በገዛ እጅ መንቀል ነው። ውቢት የታመመውን እግር ከነጭራሹ አልነካችውም። ደህናውን እግር ከፍ አድርጋ በትራስ የተደላደለ በርጩማ ላይ አሳረፈችው። ፊልም ያለበትን ካሴት በታመመው ዳሌ ጎን አቁማ በአሸዋ ከረጢት ደገፈችው። ከዚያ የማሽኑን ቱቦ እስከ አልጋው ከፍታ ድረስ አወረደችና ጨረሩ ከተነሳው እግር ሥር አልፎ ወደ ዳሌው እንዲሄድ አግድም አዞረችው።

መናሼ እጁን አጣምሮ ያይ ነበር። እሱ ዝም አለ ማለት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

«እማማ፣ ዓይንዎን ከዓይኔ አይንቀሉ። እዚያ መስታወት ውስጥ ነኝ።»

«ሂጅ እስቲ» አሉ እማማ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ውቢት ከመስታወቱ በስተኋላ ቆመች። ከወዲያ ማዶ ሁለት ጥንድ ዓይን አየች፤ የእናትና የልጅ፣ አንድ ዓይነት ቡና ቀለም ያላቸው፣ ሁለቱም እሷን ብቻ የሚያዩ። እነዚህ ዓይኖች ባንድነት እንዲያዩዋት ስንት ቀን ተመኝታለች! አልተነቃነቁም። ቁልፉን ተጫነች።

ፊልሙን ማጠቢያ ማሽኑ እስኪተፋው ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ከስምንቱ ወር አያጥሩም ነበር። ሲወጣ እየሮጠች የብርሃኑ ሰሌዳ ላይ ሰካችው። ጥርት ያለ ነው! የጭኑ አጥንት አንገት ላይ ደግሞ ክር የመሰለች ጥቁር መስመር ከዳር እስከ ዳር ተሰምራለች። ገና አልተንሸራተተችም።

መናሼ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ያፋ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አንተ። ታማሚው ወደ ማሽኑ ካልመጣ ማሽኑ ወደ ታማሚው ይሄዳል ብለህ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት? ለካ ብልህ ሰው ነኝ።» እስክሪብቶውን አወጣና ወረቀቱ ላይ ያለውን «አትተባበርም» የሚለውን በራሱ እጅ ሁለት ጊዜ ሰረዘው። ከዚያ ስልኩን አንስቶ የአጥንት ሐኪሙ ላይ እስከ ኮሪደሩ በሚሰማ ድምፅ ጮኸበት።

አምቡላንሱ ሲመጣ እማማ የሻሽወርቅ ከቃሬዛው ላይ ቀና ብለው አዩዋት። ውቢት ምርቃት ጠበቀች፤ ሰው ናትና ጠበቀች።

«የአባትሽ አባት ማን ነው ያልሽኝ?» አሉ እማማ።

«ማለደ።»

«ማለደ» አሉና ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተወሰዱ።

አሁንም ቆጠራ! አጥንታቸውን ላገኘችላቸው ልጅ ያላቸው ቃል ይኸው ነው። ውቢት ሽርጡን ልትሰቅል ስታነሳው ኪሱ ውስጥ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። የራጅ ማዘዣ ጀርባ ላይ በችኮላ የተጻፈ የይሄይስ እጅ ጽሑፍ ነበር።

«ውቢትዬ፣ ሦስታችን በአንድ ክፍል ውስጥ የምንሆንበትን ቀን አንድ ዓመት ለምኛለሁ። እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ሽርጡ ከብዶኝ ነበር፤ ስታስሪልኝ ግን ቀለለኝ። እኔ አሁንም አልተንቀሳቀስኩም።»

የእርሳስ ሽርጥ አይታጠፍም፤ ከታጠፈ ውስጡ ይሰነጠቃል። እሷ ግን ያን ቀን ደረቷ ላይ አጥፋ አቅፋው አለቀሰች።

ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ተደረገ፤ አጥንቱን በብረት ካስማ አያያዙት። ውቢት ልትጠይቃቸው አልሄደችም። ብሄድ ውለታ ልታስከፍል መጣች ይሉኛል ብላ ሰጋች። ሌላው ግን ሁሉም ሄደ። የእኛ ሰው ታማሚ መጠየቅ ሲጀምር የሆስፒታሉ ዘበኛ ምን ያውቃል! ከገዴራ፣ ከአሽዶድ፣ ከቤርሼባ በአውቶቡስ ይጎርፍ ነበር። ከጠያቂዎቹ አንዷ የውቢት ጎረቤት ታፈሰች ነበረች፤ ከዚያ መልስ ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«አንች ልጅ፣ እማማ የሻሽወርቅ ስላንች የማይጠይቁት ሰው የለም እኮ! የገባውን ሁሉ ‹የአባቷን የወርቅነህን አባት ታውቃለህ? የየት አገር ሰዎች ነበሩ?› ይላሉ። አንድ ሰው ሲወጣ ሌላውን ይጠሩታል።»

ምን ፍለጋ ነው? እንከን ፍለጋ ነዋ! እምቢታቸውን የሚያጸኑበት ነገር ሊያገኙ ነው። ያን ዕለት ተቀምጣ ጻፈች።

«ይሄይስ፣ እናትህ ይዳኑልህ። ስለ እኔ መጠየቃቸውን ግን ይተዉት። የሞቱብኝን ሰዎች ስም አልጋ ላይ ሆነው እንዲያበጥሩት አልፈልግም። ከእንግዲህ ይብቃን።»

መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። የሻቩኦት በዓልም አለፈ። ውቢት የፖስታ ሳጥኗን በቁልፍ ከፍታ ባዶነቱን ባየች ቁጥር ይብቃን ማለቷ ትክክል ነበር እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ቀጥላም ታለቅሳለች።

በሦስተኛው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት የታማሚዎቹን ስም ዝርዝር ስታነብ ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። የሻሽወርቅ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ክትትል፣ ቀኝ ዳሌ።

ከኮሪደሩ ጫፍ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ቋ። ቋ። ተሽከርካሪ ወንበር የለም። እማማ የሻሽወርቅ በነጭ ቀሚሳቸው ከዘራቸውን ይዘው በገዛ እግራቸው ይመጣሉ። ይሄይስ ክንዱን ዘርግቶ በጎናቸው ይከተላል፤ እሳቸው ግን ክንዱን በከዘራው ገፋ ያደርጉታል። መናሼ ከቢሮው ብቅ ብሎ አጨበጨበ።

እማማ የሻሽወርቅ ውቢት ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ቁጠሪ» አሉ።

«ምን?»

«አባቶችሽን ነዋ። ቁጠሪ።»

የኮሪደሩ ታማሚዎች ሁሉ ዞረው ያያሉ። ውቢት ተናደደችም፣ አፈረችም፤ ግን ትልቅ ሰው ነው ያዘዛት። «ወርቅነህ... ማለደ... ባይህ... ሰንበቱ...» ቆመች። ሁልጊዜ የምትቆመው እዚህ ነው።

«ሰንበቱ የታዬ ልጅ ነው» አሉ እማማ፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ። «ይህን የታፈሰች አክስት ነገረችኝ። ታዬ የፈረደ ልጅ ነው። ይህን ያገኘሁት ከአንዲት የአሽዶድ ሴት ነው፤ እኔን ልትጠይቅ የመጣች መስሏት ሦስት ሰዓት ይዣት ዋልኩ። ፈረደ የአድማሱ ልጅ ነው። አድማሱን የሚያውቅ ጠፋ። ወር ሙሉ ጠፋ። መጨረሻ ላይ አባ ጀምበሬ በዘጠና ዓመቱ ከቤርሼባ ድረስ በአውቶቡስ መጣ፤ ‹አድማሱ አንጥረኛው!› አለ። ሰባት! በእናትሽም በኩል ሰባት! ሲያዩኝ ታማሚ እመስላለሁ፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ውቢት ግድግዳውን ተደገፈች። «እማማ፣ እኔ እኮ... እንከን የሚፈልጉብኝ መስሎኝ...»

«ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ይሄ ልጅ ሊሮጥ ነበር፤ ‹ቆጠራው ሳያልቅ አንድ ቃል ብትተነፍስ› ብዬ አስማልኩት። ብንዛመድስ? ሁለት ጊዜ ልስበርሽ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «አንች ሌላው ሰው ያላየልኝን አጥንት ፈልገሽ አገኘሽልኝ። እኔስ ያንችን ባልፈልግ ምን ሰው ነኝ? ሰው ከሜዳ አይበቅልም፤ ወገን አለሽ። ደግሞም የትም አንገናኝም፣ ልጀ! በሰባቱም አንገናኝም!»

«የትም አንገናኝም» የሚለው ቃል እንዲህ ደስ ይላል ብሎ ማን ያስባል? እማማ የሻሽወርቅ እልል አሉ። ከዘራቸውን ጥለው እልል አሉ። የራጅ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ነጭ አሮጊት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ተከትላ «ማዘል ቶቭ!» ብላ በዕብራይስጥ እንኳን ደስ ያላችሁ አለች። ይሄይስ ስምንት ወር ላይ ሦስት ወር ጨምሮ የተሸከመው ዝምታ እንባ ሆኖ ወረደለት፤ እዚያው ሰው ሁሉ እያየ የውቢትን እጅ ያዘ። እሷም አልነጠቀችውም።

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ» አለ መናሼ አፍንጫውን እየጠረገ። «ሠርጉ ይቆየንና ፊልሙን አንሱ።»

እማማ የሻሽወርቅ ክፍሉ ገብተው ትራሳቸው ላይ ጋደም አሉ። ይሄይስ እንደ በፊቱ ጊዜ ሽርጡን ሊያነሳ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።

«አንተ ደግሞ ውጣ!» አሉት እናቱ። «ነገ የምትወልዳቸውን ልጆች አስብ።»

ይሄይስ እየሳቀ ወጣ፤ በሩ ተዘጋ። ውቢት ካሴቱን አስተካከለች፣ ነጠላቸውን አለበሰቻቸው፣ ከዚያ ልትዞር ስትል እግሯ አልታዘዝ አላት።

«ሂጅ» አሉ እማማ በለሆሳስ። «ትመለሽ የለ?»

ውቢት ከመስታወቱ በስተኋላ ቆመች። የዚያን ቀኑን ዓይን ፈለገች። እማማ የሻሽወርቅ ግን አያዩዋትም ነበር። ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንድ ጣታቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። ውቢት ቁልፉን ከመጫኗ በፊት የራሷን ዓይን ሁለት ጊዜ መጥረግ ነበረባት።

ከዚያ ከመከለያው ወጣች። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሮጥ፣ በዝግታ ተራምዳ፣ ወደ እማማ የሻሽወርቅ ተመለሰች።